ሳይኬደሊክ ፖስተር በተማሪ አቅም፦ በእርሳስ፣ በስልክ፣ በላፕቶፕ ወይስ በኮድ?

የመጀመሪያውን ሳይኬደሊክ ፖስተሬን፣ ማለትም በሚጮኹ ቀለሞች፣ በሚወዛወዙ መስመሮችና የቀለጡ በሚመስሉ ፊደላት የሚሠራውን ዓይነት፣ የሠራሁት ለተማሪዎች የሙዚቃ ምሽት ነበር። ስልኬ ላይ ሮዙና አረንጓዴው ዓይን አያሳርፉም። ከማተሚያ ቤት ሲመጣ ግን ሮዙ ያደረ ቀይ ሥር፣ አረንጓዴው የጠወለገ ጎመን መስሏል። ማተሚያ ቤቱን ልወቅስ ሄጄ ጥፋቱ የራሴ መሆኑን ተረድቼ ተመለስኩ። ለስክሪን የሚሆን ቀለም መርጬ ለወረቀት ልኬ ነበር። ከዚያ ወዲህ «በምን አፕ ልሥራ?» የሚለኝን ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ነው የሚታየው?» ብዬ ነው።

ቀጥዬ «እጅህ ላይ ምን አለ?» እላለሁ፣ ከዚያ «መቼ ነው የምታስረክበው?»። የአፕ ስም የሚመጣው በአራተኛ ደረጃ ነው። የዚህ ስልት ጉልበት ያለው በቀለሙ፣ በመስመሩና በፊደሉ ውስጥ ስለሆነ፣ ሦስቱን እንደፈለጋችሁ እንድታዙ የሚፈቅድ መሣሪያ ሁሉ ይበቃል። ልዩነቱ የትኛው መሣሪያ የትኛውን ያቀላል፣ የትኛውንስ ያከብዳል የሚለው ላይ ነው።

ፊልተር ሳይኖር የተሠራ ነገር

«ሳይኬደሊክ» የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1956 የፈጠረው እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ሃምፍሪ ኦዝመንድ ነው። ከግሪክኛ የተውጣጣ ሲሆን አእምሮን የሚገልጥ እንደማለት ነው። ዛሬ በስሙ የምንጠራው የፖስተር ስልት ግን የፈላው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1966 እና በ1967፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነው። ፊልሞርና አቫሎን የሚባሉ ሁለት የሙዚቃ አዳራሾች በየሳምንቱ ፖስተር ያሠሩ ነበር። ዌስ ዊልሰን፣ ቪክተር ሞስኮሶ፣ ሪክ ግሪፊን፣ ስታንሊ ማውስና አልተን ኬሊ ስማቸው የገነነው በዚያ ሥራ ነው።

ስለ መሣሪያ ምርጫ ስናወራ እነዚህን ሰዎች የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀለም፣ ብዕር፣ መቀስና የኦፍሴት ማተሚያ ብቻ ነበራቸው። ዊልሰን ያንን የቀለጠ የሚመስል ፊደሉን የወሰደው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ቪየና ውስጥ ይሠራ ከነበረው ሠዓሊ ከአልፍሬድ ሮለር ነው። ሞስኮሶ ደግሞ የቀለም ትምህርቱን የቀሰመው በዬል ዩኒቨርሲቲ፣ ከጆሴፍ አልበርስ ነው። ክፍል ውስጥ «ቀለሞቹ እርስ በርስ እንዳይጣሉ፣ ጽሑፉ በግልጽ እንዲነበብ» የተባለውን ደንብ ሁሉ ገልብጦ ተጠቀመበት። ቃሉ መጀመሪያ የተሰጠው እንደ ኤልኤስዲ ላሉ አእምሮን ለሚቀይሩ ዕፆች ስለሆነ፣ ቤተሰባችሁ ሥራችሁን አይቶ «ምን ወስደህ ነው?» ማለቱ ስለማይቀር ይህን ታሪክ በኪሳችሁ ያዙት፤ ያ የሚንቀጠቀጥ ቀለም የተገኘው ከቀለም ትምህርት ክፍል ነው።

ቀለሙ፦ የትኛውም አፕ የማይሠራላችሁ ክፍል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው።

ዓይናችን የአንድን ቅርጽ ጠርዝ የሚለየው በዋናነት በብርሃን ልዩነት ነው። አንዱ ቀለም ደማቅ ሌላው ጨለማ ከሆነ ጠርዙ ይረጋል። ሁለቱ ቀለሞች በዓይነታቸው ተቃራኒ፣ በብርሃናቸው ግን እኩል ሲሆኑ ዓይን ጠርዙን መያዝ ያቅተዋል፤ መስመሩ የሚርገበገብ ይመስላል። ሞስኮሶ የተጫወተው በዚህ ነው።

ብዙ ጀማሪ «ቀይና አረንጓዴ ተቃራኒ ናቸው» ብሎ ሁለቱንም እስከ 255 ይለቃቸዋል (ስክሪን ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በዚህ ቅደም ተከተል እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 ይለካሉ)። አይርገበገብም፤ ምክንያቱም በስክሪን ላይ ሙሉው አረንጓዴ ከሙሉው ቀይ ከሦስት እጥፍ በላይ ብሩህ ነው። ቀዩን 255፣ 0፣ 0 ላይ ትታችሁ አረንጓዴውን ወደ 0፣ 148፣ 0 አውርዱት፤ ያኔ ብርሃናቸው ይመጣጠናል። ብርቱካናማ 255፣ 128፣ 0 ከሆነ ደግሞ ሰማያዊው 0፣ 172፣ 255 አካባቢ ይሁን። እነዚህ መነሻዎች ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ዓይናችሁ ይዳኝ።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሥራውን ገልብጡና ቅጂውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ሁለቱ ቀለሞች አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ከተዋሃዱ ተሳክቶላችኋል። አንድ ወጥመድ አለ፦ አንዳንድ ሶፍትዌሮች ወደ ግራጫ የሚቀይሩበት ከአንድ በላይ ስሌት አላቸው። ጊምፕ በሚባለው ነጻ የምስል ማስተካከያ ላይ ለምሳሌ «ሉሚናንስ» የሚለውን ምረጡ። «ላይትነስ» የሚለው ሙሉ ቀይንና ሙሉ አረንጓዴን እኩል አድርጎ ስለሚያሳይ ያሳስታችኋል።

ሁሉንም ነገር አታርገብግቡት። ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው ያለበት መስመር በብርሃን የሚለያይ ቀለም ይኑረው። የሳን ፍራንሲስኮዎቹ ሰው ፖስተር ፊት ቆሞ እስኪፈታው ድረስ እንዲደክም ይፈልጉ ነበር። የእናንተ አንባቢ ግን ወደ ክፍል እየሮጠ በጨረፍታ የሚያይ ነው።

አሁን ወደ ያደረው ቀይ ሥር ልመለስ። ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን ሲሆን፣ ማተሚያ የሚሠራው ደግሞ ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር በሚባሉ አራት ቀለሞች ነው። ስክሪን ላይ 255፣ 0፣ 255 የሆነው ሮዝና እሳት የሚተፋው አረንጓዴ ከአራቱ ቅልቅል ሊወጡ አይችሉም። የድሮዎቹ ፖስተሮች የደመቁት እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ተበጥብጦ፣ ሳይከፋፈል፣ ወረቀቱ ላይ ሙሉ ስለተኛ ነው። ስለዚህ ለወረቀት ስትሠሩ ንጹሕ ማጀንታ፣ ንጹሕ ቢጫና ንጹሕ ሳያን፣ ወይም የሁለቱን ብቻ ቅልቅል ተጠቀሙ፤ ሦስተኛው ሲገባ መደብዘዝ ይጀምራል። ማጀንታና ቢጫ ሲደባለቁ የሚወጣው ቀይ ከሳያን ጎን ሲቀመጥ በወረቀትም ላይ ጥሩ አድርጎ ይጮኻል።

ቲሸርት ላይ በስክሪን ፕሪንት፣ ማለትም ቀለምን በተወጠረ ወንፊት ጨርቅ እያሳለፉ፣ የሚያትሙ ሰዎች በአቅራቢያችሁ ካሉ ግን ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ቀለሙን በጣሳ በጥብጠው አንድ በአንድ ነው የሚያሳልፉት፤ ማለትም የ1967ቱን አካሄድ ዛሬም በተግባር ይዘውታል። የሚያበራ ሮዝ ከፈለጋችሁ የሚያበራ ሮዝ ያፈሱበታል። የእናንተ ሥራ ቀለሞቹን እየለያዩ፣ ለእያንዳንዱ ጥቁር ፊልም የሚሆን ፋይል ማቅረብ ነው። ከሁለትና ከሦስት ቀለም አትለፉ፤ ዋጋውም ድካሙም በቀለም ቁጥር ነው የሚጨምረው።

አንደኛው መንገድ፦ እርሳስ፣ ነጭ ወረቀትና ስልክ

ላፕቶፕ ለሌለው ተማሪ ይህ ማጽናኛ አይደለም፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የምመርጠው እሱን ነው። ወረቀት ላይ በጥቁር እስክሪብቶ ትሥላላችሁ፣ ቀን መስኮት አጠገብ አስቀምጣችሁ ጥላ ሳይወድቅበት ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ከዚያ በአይቢስ ፔይንት ትከፍታላችሁ። አፑ ምስል ስታስገቡ መስመሩን ብቻ ነጥዬ ላውጣ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ በሉት። የወረቀቱ ግራጫነት ይጠፋና ጥቁሩ መስመር ብቻውን ይቀራል። ከሥሩ ሌላ ሌየር (እንደ ግልጽ ወረቀት የሚደራረብ ንጣፍ) ከፍታችሁ ቀለሙን ትሞላላችሁ።

አይቢስ ፔይንት በአንድሮይድም በአይፎንም በነጻ ይሠራል፤ ዋጋው ማስታወቂያውን መታገስ ነው። የሲሜትሪ ማስመሪያ ስላለው በአንድ ጣት የጀመራችሁት መስመር ዙሪያውን ተባዝቶ ይወጣል። የማይመቸው ጽሑፍ ላይ ነው። በጣት ፊደል ማጣመም ያናድዳል፤ እኔ በስልክ ስሠራ ፊደሉንም ወረቀት ላይ በእጄ ጽፌ ነው የማስገባው። መስመሩ ትንሽ መንቀጥቀጡን አትፍሩት፤ ያ መንቀጥቀጥ የኮምፒውተር ሥራ ላይ የሚጎድለው ነገር ነው።

ሁለተኛው መንገድ፦ ቬክተር

ሥራው ወረቀት ላይ፣ ባነር ላይ ወይም ቲሸርት ላይ የሚወጣ ከሆነ ምክሬ ኢንክስኬፕ ነው። ነጻ ነው፤ አንድ ጊዜ አውርዳችሁ ኢንተርኔት ሳትፈልጉ ትሠራላችሁ። መስመሩን የሚያስቀምጠው እንደ ነጠብጣብ ሳይሆን እንደ ስሌት ስለሆነ ኤ4 ላይ የሠራችሁት ሦስት ሜትር ባነር ላይ ሲወጣም ጠርዙ አይፈረፈርም። ፋይሉ ቀላል ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕም ይችለዋል።

ሁለት ነገሩ ለዚህ ስልት የተሠራ ያስመስለዋል። አንዱ «ታይልድ ክሎንስ» የሚባለው ነው፤ አንድ ቅርጽ ሰጥታችሁት በ17 የተለያዩ የሲሜትሪ ዓይነቶች ገጹን ሙሉ ይደረድርላችኋል። አስራ ሰባት የተባለው እንዲሁ አይደለም፤ ሒሳብ የሚፈቅደው የግድግዳ ወረቀት ሲሜትሪ ቁጥር ያ ብቻ ነው። ሌላው «ኢንቨሎፕ ዲፎርሜሽን» ነው፤ ቃሉን በአራት ጠርዝ ያስርና ጠርዞቹን ስታጎብጡ ፊደሉ አብሮ ይጎብጣል። ኢለስትሬተር ያለው ሰው ተመሳሳይ ነገር ያገኛል፤ ግን በየወሩ ይከፍላል፣ ለመክፈልም በዶላር የሚሠራ ካርድ ይፈልጋል። የዩኒቨርሲቲያችሁ ላብ ውስጥ ካለ ተጠቀሙበት፤ ከሌለ ምንም አልጎደለባችሁም።

ጽሑፉን ከማጣመማችሁ በፊት «ኦብጀክት ቱ ፓዝ» በሚለው ወደ ቅርጽ ቀይሩት፤ ከመቀየራችሁ በፊት ደግሞ አንድ ቅጂ ከገጹ ውጭ አስቀምጡ። አንዴ ቅርጽ ከሆነ በኋላ የፊደል ግድፈት ማረም አይቻልም። ስንት ሰው «ምሽት»ን «ምሸት» ብሎ ካጣመመ በኋላ እንደነቃ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ።

የእኛ ፊደል ሲቀልጥ

የላቲን ፊደል ላይ የተጻፈ መመሪያ ሁሉ ይህን ክፍል ይዘለዋል፤ ሊዘለውም ግድ ነው። ዌስ ዊልሰን የላቲንን ፊደል እግር እስከ ገጹ ጫፍ ሲጎትት ፊደሉ ያው ፊደል ነው። በእኛ ግን እግር ድምፅ ነው። «ሰ»ን ወስዳችሁ ቀኝ እግሩን ብቻ ስታስረዝሙት «ሳ» ሆነ። ግራውን ስታስረዝሙት «ሶ» ሆነ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ «ሰላም» የሚለውን በክብ ቅርጽ ውስጥ አስገብቼ የግራውን እግር ወደ ታች አፈሰስኩት፤ ጓደኛዬ ግድግዳው ላይ አይቶ «ሶላም ማነው? ዘፋኝ ነው?» አለኝ።

ከዚያ የተማርኩት ጥቂት ነው። ፊደሉን ከላይ አበጡት፣ አጎብጡት፣ ጭንቅላቱን እንደ ጉልላት አሳብጡት፤ ከታች ግን ሁለቱ እግሮች የነበራቸው የርዝመት ዝምድና ይጠበቅ። ሁለቱም አብረው ይርዘሙ፣ ወይም አብረው ይጠሩ። ካዕብ ላይ ያለችው ክንድ፣ ሣልስ ላይ ያለችው የእግር ጫማ፣ ኃምስ ላይ ያለችው ቀለበት በማንኛውም ማጎንበስ ውስጥ ከግንዱ ተነጥላ መታየት አለባት። መስመሩን ስታወፍሩ መጀመሪያ የሚዋጡት እነሱ ናቸው። «ቡ» አብጦ አብጦ «በ» የሚሆነው በዚህ ነው።

የኢንቨሎፑ ወጥመድ ደግሞ አለ። ቃሉን በቅስት ስታጎብጡት የታችኛው መስመር ያዘነብላል፤ በቃሉ ጫፍና ጫፍ ያሉ ፊደላት አንድ እግራቸው ከሌላው የረዘመ ይመስላል። መፍትሔው የላይኛውን ጠርዝ እንደልብ ማጉበጥ፣ የታችኛውን ግን ቀጥ ወዳለ መስመር ማስጠጋት ነው። ከዚያ የእጅ ጉዳይ ነው፤ አንድ በአንድ እየተጠጉ ነጥቦቹን ማስተካከል። መነሻ ፎንት ስትመርጡ ደግሞ ቀጭንና ወፍራም መስመር ከሚያፈራርቀው ይልቅ ወጥ ውፍረት ያለውን ያዙ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነጻ ይገኛል፣ ሲወፍርም ይሸከማል።

ለጠርዝና ለክፈፍ ከፈለጋችሁ ከድሮ የብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ ያለውን ሐረግ ተመልከቱ። መስመሩ ሳይቆረጥ ተጠላልፎ፣ ገብቶና ወጥቶ ወደ ራሱ ይመለሳል። የክታብ ጠልሰምም ትልልቅ ዓይኖችና በዙሪያቸው የሚፈነጥቁ ቅርጾች አሉት፤ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎስያን ከዚያ ምንጭ ቀድቷል። ነገር ግን ክታብ ለባለቤቱ መጠበቂያ ሆኖ፣ በቁመቱ ልክ የሚዘጋጅ ነገር ነው፤ የሚለብሱትም የሚያምኑበትም አሉ። ጸሎቱንና የሰውየውን ስም ገልብጦ የቢራ ድግስ ፖስተር ላይ መለጠፍ ነውር ነው። አሠራሩን አጥኑ፣ መስመሩን ራሳችሁ ሣሉ። በነገራችን ላይ ሐረግን ሳይኬደሊክ ማለትም አልወድም፤ በብዙ መቶ ዓመት ይቀድመዋል።

ሦስተኛው መንገድ፦ በብሩሽ መሣል

ወራጅ ፀጉር፣ ፊት፣ ጭስ፣ አበባ መሣል ለሚፈልግ ቬክተር ያሰለቻል። እዚህ ምርጫው ክሪታ ወይስ ፕሮክሪኤት ነው፤ መልሱም ብዙውን ጊዜ አይፓድ አላችሁ ወይስ የላችሁም የሚለው ነው። ፕሮክሪኤት በአይፓድ ላይ ብቻ ይሠራል፤ ክፍያው አንድ ጊዜ 12.99 ዶላር ነው፣ ወርሃዊ የለውም። እጅ ውስጥ ሲገባ እንደ እርሳስ ነው፤ «ሊኩዊፋይ» የሚለው መሣሪያው ቀለሙን እንደ ዘይት ያንሸራትተዋል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የሚማር ዘመድ ያለው ሰው አሮጌ አይፓድ ሊደርሰው ይችላል፤ ለዚያ ብሎ ዕዳ የሚገባ ሰው ግን አልመክርም። ሸራው ትልቅ ሲሆን ፕሮክሪኤት የሚፈቅደው የሌየር ቁጥር እንደሚቀንስም እወቁ።

ክሪታ ነጻ ነው፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። የመልቲብሩሽ መሣሪያው አንዱን ምት በአንድ ማዕከል ዙሪያ እየደጋገመ ወደ ማንዳላ (ክብ ጌጥ) ይለውጠዋል። ደብልዩ የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ ደግሞ ሸራው በአራት በኩል ተደጋግሞ ይታያል፤ በቀኝ የወጣው መስመር በግራ ይገባል፣ እንከን የሌለው ድግግሞሽ በደቂቃ ትሠራላችሁ። ከሁሉ በላይ የምወድለት ገና ሲጀመር በሲኤምዋይኬ (በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች) መሥራት መቻሉን ነው፤ ለወረቀት የሚሆነውን ቀለም እየሣላችሁ ታዩታላችሁ። ትንሿ የግራፊክስ ታብሌት ካለች ይበቃል። በማውዝ ብቻ ግን አትሞክሩት፤ በማውዝ የተሣለ ሞገድ እንደ ጠጠር መንገድ ነው። ማውዝ ብቻ ያለው ሰው ወደ ኢንክስኬፕ ይመለስ።

እንደ እኛ መብራት የሚመላለስበት ሰፈር ለምትኖሩ፦ አውቶሴቩ በየስንት ደቂቃው እንደሚያስቀምጥ ከሴቲንግ ገብታችሁ አሳጥሩት።

አራተኛው መንገድ፦ ፎቶን ማጣመም

ፈጣኑ ይህ ነው፤ ለዚህም ነው በየቦታው ተመሳሳይ ሥራ የሞላው። የሰው ፎቶ ይወሰዳል፣ «ግራዲየንት ማፕ» ይጣልበታል፣ ትንሽ ይጠመዘዛል፣ አለቀ። መጥፎ አይደለም፤ አንድ ምሽት ብቻ ያለው ሰው ሌላ ምን ያድርግ? ግን ካልተጠነቀቃችሁ የፊልተሩ ስም ፊታችሁ ላይ ተጽፎ ይታወቃል።

ግራዲየንት ማፕ የሚያደርገው ይህን ነው፦ በፎቶው ውስጥ ያለውን ጨለማ በአንድ ቀለም፣ መካከለኛውን በሌላ፣ ብርሃኑን በሦስተኛ ይተካል። የሚያምረው ቀለሞቹ በለስላሳ ሲፈሱ ሳይሆን በስለት ተቆርጠው እንደ ካርታ ሲደራረቡ ነው። ስለዚህ በፊት «ፖስተራይዝ» አድርጉና ፎቶውን ወደ አራት ወይም አምስት ደረጃ አውርዱት። ከዚያ ጠርዞቹን በእጃችሁ አስተካክሉ። ይህቺ የመጨረሻዋ የእጅ ሥራ ናት ሥራችሁን ከሌላው የምትለየው።

በምን? ፎቶሾፕ ያለው በፎቶሾፕ። የሌለው በፎቶፒያ፤ ብራውዘር ውስጥ ይከፈታል፣ የፎቶሾፕን ፒኤስዲ ፋይል ያነባል፣ ፎቷችሁንም ወደ ሰርቨር ሳይልክ እዚያው ማሽናችሁ ላይ ይሠራዋል። ፎቶውን ለመላክና ለመቀበል ዳታ አይበላም ማለት ነው። የራሱ ማሽን የሌለው፣ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብሎ የሚሠራ ተማሪ ከዚህ የተሻለ አያገኝም። ጊምፕም አለ፤ አቅሙ አያንስም፣ የዝርዝሮቹ አቀማመጥ ግን እስኪለመድ ድረስ ያበሳጫል። ፎቶሾፕ የለመደ እጅ ፎቶፒያ ላይ አይደናገርም።

ፎቶው የማን እንደሆነ ጠይቁ። ማውስና ኬሊ በ1966 ፖስተር ላይ ያወጡትን ጽጌረዳ የደፋ አጽም የወሰዱት ከኤድመንድ ሰሊቫን የቆየ የመጽሐፍ ሥዕል ነው፤ ይህ እስከ ዛሬ ሲነሳ የሚኖር ነገር ነው። እናንተ የጓደኛችሁን ፊት ፎቶ አንሡ። ፈቃዱን በቃል ጠይቃችሁ፣ በፈለጋችሁት ብርሃን፣ ከጎን መብራት አድርጋችሁ። ጠንካራ ጥላ ያለው ፎቶ ሲቆራረጥ ነው የሚያምረው።

አምስተኛው መንገድ፦ በኮድ

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች «እኛ መሣል አንችልም» ብለው የሚመጡት ነገር አለ። ፒ ፋይቭ ጄኤስ የሚባለውን እሰጣቸዋለሁ። ጃቫስክሪፕት ነው፣ ነጻ ነው፣ ብራውዘር ውስጥ ይሮጣል፤ አባቱ ኬሲ ሪስና ቤን ፍራይ በ2001 የጀመሩት ፕሮሰሲንግ ነው። አንድ ማዕከል ያላቸው መቶ ቀጫጭን ክቦች ሣሉ፣ ሌላ መቶ ደግሞ ማዕከሉን ትንሽ ገፋ አድርጋችሁ ደርቡ። ያልሣላችሁት ሞገድ ይወጣል። ይህንን የክብ ጨዋታ በ«ሳይን» ብታወዛውዙት፣ ወይም «ኖይዝ» በሚለው ትእዛዝ ብታናውጡት መስመሩ እንደ እንጨት ቀለበት ይሆናል። ኖይዙ ኬን ፐርሊን የሚባል ሰው በ1980ዎቹ መጀመሪያ የፈጠረው ነው፤ ለፊልም ሥራ ባበረከተው በ1997 የኦስካር ቴክኒክ ሽልማት አግኝቶበታል።

ጥንካሬው ድግግሞሽ ነው፤ እጅ በሦስት ቀን የማይጨርሰውን በሦስት ሰከንድ ያወጣል። ድክመቱ ፊደል ነው፤ አማርኛ ቃል ማጣመም ከፈለጋችሁ ኮዱ ያወጣውን ምስል ወደ ኢንክስኬፕ ወስዳችሁ ፊደሉን እዚያ ሥሩ። ወደ ተንቀሳቃሽ ምስል ከቀየራችሁት ደግሞ ብልጭታው በሰከንድ ከሦስት አይለፍ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሊጎዳ ይችላል፤ አዳራሽ ውስጥ በትልቅ ስክሪን ሲሆን በተለይ።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምስል ስለማውጣት እየጠየቃችሁ ነው፤ አውቃለሁ። አማርኛ ፊደል ሲጽፍ ፊደል የሚመስል ነገር ሊደረድር ስለሚችል፣ ቃሉን አንድ በአንድ ሳታነቡ አትመኑት። ለአሳይንመንት ከሆነ መምህራችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ማሽናችሁ ይችለዋል?

ይህን ሳታሰሉ አትጀምሩ። ኤ3 ወረቀት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ማለት 3508 በ4961 ፒክስል ነው። አንዱ ሌየር ብቻውን ወደ 70 ሜጋባይት ራም ይይዛል፤ ሃያ ሌየር ሲሆን 1.4 ጊጋባይት። 4 ጊጋባይት ራም ያላት ላፕቶፕ ብራውዘር ከፍታ፣ ሙዚቃ እያጫወተች ይህን ስትሸከም ታቃስታለች። በ150 ዲፒአይ ከሠራችሁት ሌየሩ ወደ አሥራ ሰባት ሜጋባይት ይወርዳል፤ ከሁለት ሜትር ርቀት ለሚታይ ግድግዳ ፖስተር አይታወቅም። ለስልክ ስክሪን የሚሆነው 1080 በ1350 ደግሞ ስድስት ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ደካማ ማሽን ያለው ሰው ሁለት ምርጫ አለው፦ በዝቅተኛ ዲፒአይ በብሩሽ፣ ወይም ስለ ፒክስል ሳይጨነቅ በቬክተር።

ታዲያ ማን ምን ይያዝ

ስልክ ብቻ ያለው፣ ሥራው ቴሌግራም ላይ የሚለጠፍለት፦ ወረቀትና አይቢስ ፔይንት፤ ቀለሙን እንደፈለገ ይልቀቀው። አሮጌ ላፕቶፕ ያለው፣ ፖስተሩ የሚታተም፦ ፊደሉንና ቅርጹን ወረቀት ላይ ነድፎ በኢንክስኬፕ ይከተለው፤ እኔ ዛሬ የምሠራው በዚህ ነው። ታብሌትና ደህና ራም ያለው፣ መሣል የሚወድ፦ ክሪታ። ነገ ጠዋት የሚያስረክብ፦ ፎቶፒያና አንድ ጥሩ ፎቶ፣ ያለ ብዙ ጭንቀት። ኮድ የሚችል ደግሞ ዳራውን በኮድ አውጥቶ ፊደሉን ለጓደኛው ይስጥ። ፎቶሾፕን ለመግዛት ብሎ የሚበደር ተማሪ ካለ ገንዘቡን ለሙከራ ኅትመት ያውለው።

ኅትመቱን በሚመለከት፦ ኤ3ውን ሃምሳ ቅጂ ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ኤ4 በዚያው ማሽን፣ በዚያው ወረቀት አሳትሙና ቀን ብርሃን ላይ አውጥታችሁ እዩት። ፋይሉን ለማተሚያ ቤቱ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጨምቆ ያሳንሰዋል። ፒዲኤፍ ከሆነ ፊደሉ ሁሉ ወደ ቅርጽ መቀየሩን አረጋግጡ፤ አለዚያ እነሱ ጋ ፎንታችሁ ከሌለ ያ ሁሉ የለፋችሁበት «ሰላም» ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል።